ተማሪዎችን በብዙ የውድድር ዐይነቶች ስለ ማሰለፍ

(ሞላሌ ላይ ለተሰበሰቡ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን የተደረገ ንግግር)





ማኅበራችን ስለ ትምህርት ቤቶች የቡድን ውድድር አንድ ነገር እንድናገር በጋበዘኝ ጊዜ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ይቅርታ ጠይቆ መተው ነበር። ደጋ ላይ ቆሞ ለደገኛ ስለ ሩጫ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነውና። በኋላ ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ፣ ልናገርበት የሚገባኝ ስለ ሩጫ ሳይሆን ስለ አንድ ወረቀት መሆኑ ታየኝ። ወረቀት ያልሁትም ከውድድሩ አስቀድሞ ለየትምህርት ቤቱ የሚደርሰውን የመመዝገቢያ ቅጽ ነው።

ቅጹን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በግራው ዐምድ የውድድሩ ዐይነት ተዘርዝሯል፤ በቀኙ የተወዳዳሪው ስም ይገባበታል። እኛ ደገኞቹ ስንሞላው 1500፣ 3000 እና 5000 ሜትር ላይ ስንደርስ ቦታው ይጠበናል፤ ስም በስም ላይ እንደርባለን፤ የቀረው ልጅ ያኮርፋል፤ አንዳንድ ጊዜም አባቱ ሽማግሌ ይልካል። ወረድ ብለን አሎሎ ውርወራ፣ ጦር ውርወራ፣ ሱሉስ ዝላይ፣ ከፍታ ዝላይ፣ መሰናክል የሚሉት ላይ ስንደርስ ግን እጃችን ይፈጥናል፤ አንዲት ሰረዝ አግድም እንስብና እናልፋለን። በልጃገረዶቹ ገጽ ደግሞ ሰረዙ ከስሙ ይበዛል። ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ስለዚያች ሰረዝ ነው።

እስቲ መጀመሪያ በቁጥር እንየው። የነጥቡ አሰጣጥ ከውድድር ውድድር ይለያያል፤ ለምሳሌ ያህል ግን ለአንደኛ 7፣ ለሁለተኛ 5፣ ለሦስተኛ 4፣ ለአራተኛ 3፣ ለአምስተኛ 2፣ ለስድስተኛ 1 ነጥብ ይሰጣል እንበል። አንድ ትምህርት ቤት በ1500፣ በ3000 እና በ5000 ሜትር አንደኛና ሁለተኛውን ጠቅልሎ ወሰደ። ሕዝቡ እልል አለለት። ያገኘውም 36 ነጥብ ነው። ሌላው ትምህርት ቤት አንድም አንደኛ የለውም፤ ነገር ግን በ14 የውድድር ዐይነቶች ተሰልፎ በሁሉም አራተኛ ወጣ። ማንም አላጨበጨበለትም። ነጥቡ ሲደመር 42 ይሆናል። ማታ ዋንጫው ሲሰጥ ባለ እልልታው ቡድን «ዳኛው በደለን» እያለ ወደ መኪናው ይሄዳል። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ፤ እንደ እውነቱ ከሆነ እኔም ራሴ በወጣትነቴ ብያለሁ። ዳኛው ግን ምንም አልበደለም። የበደለን በገዛ እጃችን የሳብነው ሰረዝ ነው።

ዋንጫው ግን የነገሩ ትንሹ ክፍል ነው። ዋንጫ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ አቧራ ይጠጣል። ትልቁ ጥያቄ፣ ያ ሰረዝ የተሳበበት ቦታ ላይ ስሙ ሊጻፍ ይችል የነበረው ልጅ የት ደረሰ የሚለው ነው።

ሰረዙን የምንስበው ለምንድን ነው? መሣሪያ የለንም እንላለን፤ ይህ እውነት ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አሠልጣኝ የለንም እንላለን፤ ይህም በከፊል እውነት ነው። ከሁሉ በላይ ግን እናፍራለን። «አሎሎ አናውቅም፤ ሄደን መጨረሻ ወጥተን የደጋ መሣቂያ ከምንሆን ይቅርብን» እንላለን። ልጁ ከማፈሩ በፊት መምህሩ ያፍርለታል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የከፋ ትምህርት ለልጅ አይሰጥም ባይ ነኝ።

ይህን በሚመለከት የሻምበል ማሞ ወልዴን ታሪክ ላስታውሳችሁ። ማሞን ሁላችንም የምናውቀው በማራቶን ነው። ነገር ግን በኅዳር 1949 ዓ.ም. አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ ሜልቦርን ላይ ማሞ የተሰለፈው በ800 ሜትር፣ በ1500 ሜትርና በ4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነበር። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም የኋላው ማሞ የታወቀበት ርቀት አይደለም። በ800ም ሆነ በ1500 ከማጣሪያው አላለፈም። ዱላ ቅብብሉማ ለአራት ሰው የሚሆን ቡድን መሟላት ስላለበት የሚገቡበት ነገር ነው። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1961 ዓ.ም.፣ ያው ሰው ሜክሲኮ ከተማ ላይ በ10000 ሜትር የብር ሜዳልያ አገኘ፤ በሳምንቱም ማራቶንን አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ ደግሞ በ40 ዓመቱ በማራቶን የነሐስ ሜዳልያ ወሰደ። የሜልቦርኑ 800 ሜትር የሜክሲኮውን ወርቅ አመጣለት ብዬ አልከራከርም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። የምለው፣ በሜልቦርን የማጣሪያ ውጤት ብቻ ፈርዶበት ስሙ ላይ ሰረዝ የሳበበት ሰው ቢኖር ኖሮ ምን እንደምናጣ አስቡት ነው።

ስለ ሜክሲኮ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2240 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ የቆምንበት ደጋ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ይበልጣል። በዚያ ኦሊምፒክ በረጅም ርቀት ቆላማው አገር ሁሉ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ የደጋ ልጆች የኬንያው ናፍታሊ ቴሙና የእኛው ማሞ ከፊት እንደ ወጡ እንናገራለን፤ ሲነገርም ደስ ይለናል። የማንናገረው የታሪኩ ሌላ ግማሽ አለ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ለረጅም ሩጫ ኦክስጅን ይነሣል፤ ለአጭር ሩጫና ለዝላይ ግን መንገድ ይለቃል፤ የሚገፋው ነገር ያነሰ ነውና። ቦብ ቢሞን 8 ሜትር ከ90 የዘለለው እዚያው ሜክሲኮ ላይ ነው። በሱሉስ ዝላይ ደግሞ የዓለም ክብረ ወሰን በአንድ ውድድር ውስጥ አምስት ጊዜ ተሻሽሏል። በ100 እና በ400 ሜትርም ክብረ ወሰን ተሰብሯል። እንግዲህ ከፍታው ያደረገው ለረጅም ሯጭ ብቻ እንደ ሆነ ለመንዝ ልጆች የነገራቸው ማን ነው? እኛ ነን። ለዝላይ የሚያስፈልገው ከወንዝ የተጋዘ ጥቂት አህያ ጭነት አሸዋና አንድ ሜትር ነው። በገና ጨዋታ ዕለት ሩሩን ተከትሎ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያካልለውን ልጅ ያየ ሰው፣ ይህ ልጅ 5000 ሜትር እንጂ 200 ሜትር አይሆነውም ሊል አይችልም።

አሁን ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለ 5000 ሜትር እሮጣለሁ ብሎ ከሰባት ልጆች ጋር ተሰልፎ ሰባተኛ ወጣ። ሲያለቅስ አገኘሁትና ከትምህርት ቤት ውጭ ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት። ገብሱ ሲያሸት ማማ ላይ ሆኖ ጭላዳ እንደሚጠብቅ ነገረኝ። በምን ትከላከላለህ ብለው በወንጭፍ አለኝ። «እስቲ ያችን ድንጋይ ያለ ወንጭፍ ወርውር» አልሁት። ወረወረ። ድንጋዩ ያረፈበት ቦታ ድረስ ሄጄ በእርምጃ ስለካው ሁለት ጊዜ የቆጠርሁ መስሎኝ እንደገና ቆጠርሁ። ጦር ወርውር ስለው ግን ፈራ። «ጋሼ፣ ጦር አላውቅም፤ ድንጋይ ይሁንልኝ» አለ። ከቀጭን ባሕር ዛፍ ጫፉ ያልሾለ ዘንግ ጠርበን፣ ሚዛኑን በገበያ ሚዛን ወደ 700 ግራም አስጠግተን፣ ከፊት ሰው እንዳይቆም አጥብቀን እየተቆጣጠርን ለሁለት ወር ተለማመደ። በዓመቱ ቅጹ ላይ ስሙን ሁለት ቦታ ጻፍሁት፤ አንዱ 5000 ሜትር፣ ሁለተኛው ጦር ውርወራ። 5000 ሜትሩን የተውሁለት ስለሚወደው ነው። በሩጫው እንደ ልማዱ መጨረሻ አካባቢ ገባ፤ በጦሩ ሦስተኛ ወጣ። ያን ቀን ያየሁትን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ በኋላ ሒሳብ ላይ እንኳ እጁን ማውጣት እንደ ጀመረ የሒሳብ መምህሩ ነግሮኛል፤ ይህን ግን ማስረጃ ብዬ ሳይሆን እንዲያው ደስ ስላለኝ ነው የምናገረው።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት ደንብ ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቦታ፤ አንድ የሚወደው፣ አንድ ቡድኑ የጎደለው። የሚወደውን ነጥቀህ የጎደለውን ብቻ ብትሰጠው ልጁ የቡድን ሸቀጥ ይሆናል። የሚወደውን ብቻ ብትተውለት ደግሞ ቅጹ በሰረዝ ይሞላል። ሁለቱን ሲይዝ በአንዱ ለራሱ፣ በሌላው ለጓደኞቹ ይሰለፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው አባባል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስለኛል።

ለጓደኛ መሰለፍ ምን እንደ ሆነ ለማየት የአገር አቋራጭ ውድድርን አስቡ። በመጋቢት 1973 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ማድሪድ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሲካፈል፣ ልጆቻችን ዙሩ ያለቀ መስሏቸው አንድ ዙር ሲቀር የመጨረሻውን ሩጫ ሮጡ። ኋላ ስሕተቱ ሲገባቸው የደከመ እግራቸውን ይዘው ቀጠሉ። መሐመድ ከድር በግል ሁለተኛ ወጣ። የቡድኑ ዋንጫ ግን የእኛ ሆነ። እንዴት ቢሉ፣ በዚያ ዘመን በአዋቂ ወንዶች የቡድኑ ውጤት የሚቆጠረው የስድስት ሯጮች ደረጃ ተደምሮ ነበር። ያ ሁሉ ግራ መጋባት ካለፈ በኋላም ከኋላ የሚመጣው ስድስተኛው ሰው አንድ ተጋጣሚ ማለፉ፣ ከፊት ያለው አንድ ሰው ከማለፉ እኩል ይቆጠራል። ቡድናችን እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ አምስት ዓመት በተከታታይ ያን ዋንጫ ወሰደ። የአንደኞቹን ስም እናስታውሳለን፤ የየዓመቱን ስድስተኛ ስም የሚያስታውስ ከመካከላችን ስንት ሰው ነው?

እዚህ ላይ ልትቃወሙኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ። «አንተ ልጆቹን ልትጨርሳቸው ነው ወይ?» የሚል አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም በመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በበደል ነው የተማርሁት።

ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ በሌላ አውራጃ በነበርሁበት ትምህርት ቤት አንዲት ብርቱ ልጅ ነበረች። 800 ሜትር ስትሮጥ አየኋትና ነጥብ ብቻ ታየኝ። በሁለት ቀን ውስጥ በ800፣ በ1500፣ በ3000 እና በዱላ ቅብብል አሰለፍኋት። ሁለቱን አሸነፈች። በ3000 ሜትር እያነከሰች ጨረሰች። ዱላውን ስትቀበል ወደቀች። እኔ ያን ጊዜ የሮጥሁት ዱላውን ለማንሣት ነበር፤ እሷን አልነበረም። በማግሥቱ እናቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ፣ «መምህር፣ ልጄን ያስተምሩልኝ ብዬ ሰጠሁዎት እንጂ ያድርቁልኝ ብዬ አልሰጠሁዎትም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጅቱ ትምህርቷን ቀጥላለች፤ ወደ ሜዳ ግን አልተመለሰችም።

ስለዚህ በብዙ የውድድር ዐይነት አሰልፉ ስል፣ አንድን ጎበዝ ልጅ በብዙ ሩጫ ግደሉት ማለቴ አይደለም። ቀነኒሳ በቀለ ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. በአምስት የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናዎች 4 ኪሎ ሜትሩንም 12 ኪሎ ሜትሩንም አከታትሎ አሸንፏል። ሲፋን ሐሰን በ2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ5000 እና በ10000 ሜትር ወርቅ፣ በ1500 ሜትር ነሐስ አግኝታለች። እነዚህ ግን ለሥራው የበሰሉ አዋቂዎች ናቸው። ጠዋት በጎች አሰማርቶ፣ በሶ በጥብጦ ጠጥቶ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሩ ለሚመጣ የ14 ዓመት ልጅ መለኪያ አይሆኑም። ለእንዲህ ያለው ልጅ ከሩጫ ጋር ዝላይ ወይም ውርወራ ይጣመርለት እንጂ ሩጫ በሩጫ ላይ አይጫንበት። በአንድ ቀን ከሁለት በላይ አይሰለፍ። የጾም ወቅት ከሆነ ቤተሰቡን አማክሩ። ደንቡ ለአንድ ተወዳዳሪ የሚፈቅደውን ቁጥርም አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ሜዳ ላይ ደርሶ «አይቻልም» መባል ለልጅ ከባድ ነው።

ሁለት ውድድር ያለበት ልጅ ሌላም አደጋ አለበት፤ ይኸውም የሰዓት ነገር ነው። ምሩፅ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ10000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ ካገኘ በኋላ በ5000 ሜትር ሳይሰለፍ ቀርቷል። ምክንያቱ ብዙ ተብሎበታል፤ እኔ ዳኛ ልሆንበት አልችልም። ሁለቱንም ርቀት አሸንፎ ያን ታሪክ የዘጋው ከ8 ዓመት በኋላ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ነው። በመካከሉ በ1969 እና በ1971 ዓ.ም. በዱሰልዶርፍና በሞንትሪያል ለአፍሪካ ቡድን ተሰልፎ ሁለቱንም ርቀቶች ሁለት ጊዜ አሸንፏል፤ ያ ደግሞ አገር ሳይሆን አህጉር ነጥብ የሚሰበስብበት የቡድን ውድድር ነበር። እንግዲህ የእኛ ልጆች የእጅ ሰዓት የላቸውም፤ ብዙዎቹም ከተማውን አያውቁትም። ከፍታ ዝላይ ላይ ያለው ልጅ በሌላው ጥግ ለዱላ ቅብብል ስሙ ሲጠራ አይሰማም። ለዚህ አንድ ተማሪ ብቻ መድቡ፤ ሥራው ፕሮግራሙን በእጁ ይዞ ከሜዳ ሜዳ እየሮጠ መጥራት ይሁን። እሱም ውድድር ነው፤ ነጥብ ግን አይሰጥበትም።

ስለ ልጃገረዶች ለብቻው ንግግር ያስፈልግ ነበር። ባጭሩ ልበል። ሴት ልጅ አሎሎ ትወርውር ሲባል የሚሥቅ መምህር ከመካከላችን ካለ፣ ከምንጭ ቤቷ ድረስ እንስራ የምታዝለውን ልጅ አንድ ቀን ተከትሎ ይሂድ። ለታዳጊ ልጃገረዶች የሚሰጠው አሎሎ 3 ኪሎ ነው። ሙሉ እንስራ ስንት ይመዝናል? ለወላጆች ስትነግሩም፣ የዝላይና የውርወራ ልምምድ በትምህርት ቤቱ ግቢ በግማሽ ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ልጅቱ ብቻዋን በገደልና በሜዳ ላይ እንደማትሮጥ አስረዱ። እኔ ይህን ስነግራቸው ብዙ እናቶች ፈቅደውልኛል፤ ለረጅም ሩጫ ግን ከፈቀዱት ይልቅ የከለከሉኝ ይበዛሉ።

መሣሪያን በሚመለከት የተናገርሁትን ልፈጽም። ጠራቢ ያለበት መንደር ጦርና መሰናክል አያጣም። የወንዙ ድንጋይ ከወፍጮ ቤቱ ሚዛን ጋር ሲተባበር አሎሎ ይወጣዋል፤ ክብ የሆነውን ፈልጉ፤ ሸካራው እጅ ይልጣል። ከፍታ ዝላይ ላይ ግን እጠነቀቃለሁ፤ ፍራሽ በሌለበት ጀርባን ሰጥቶ የሚዘለለውን ዐይነት አታስተምሩ፤ አሸዋ ላይ በእግር በሚታረፍበት በአሮጌው አዘላለል ይዝለሉ። ዱላ ቅብብል ምንም አይጠይቅም፤ መካከለኛ ፍጥነት ያላቸው አራት ልጆች ዱላውን ሳይጥሉ መቀባበል ከቻሉ፣ ከእነሱ የሚፈጥኑ ግን ያልተለማመዱ አራት ልጆችን ይቀድማሉ። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

እንዲያው ለጨዋታ ያህል አንድ ነገር ላክልና ልቀመጥ። ሻምበል አበበ ቢቂላ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በደብረ ብርሃን አቅጣጫ፣ ጃቶ በተባለ ቦታ የተወለደ ሰው ነው። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከተያዙ በኋላ ምን እንዳደረገ ሁልጊዜ አይነገርም። በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በመንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ። በሮምና በቶኪዮ በአንድ ርቀት ዓለምን ያስደነቀ ሰው፣ ያ ሲቀርበት ሦስት የማያውቃቸውን ነገሮች ጀመረ። ያን ጊዜ መጨረሻ እወጣለሁ ብሎ አፍሮ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር አላውቅም፤ መሰለፉን ግን ዓለም አይቶታል።

የዘንድሮው ቅጽ በቅርቡ ይደርሳችኋል። ስትሞሉት ከታች ወደ ላይ ሙሉት። መጀመሪያ ጦሩን፣ አሎሎውን፣ ሱሉሱን፣ የልጃገረዶቹን ገጽ፤ 5000 ሜትሩን መጨረሻ። እሱ ምንጊዜም ሰው አያጣም። እቤቴ ሁለት ያረጁ ሜትሮችና ያ የባሕር ዛፍ ዘንግ አሉ፤ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ቢኖር ሰው ይላክልኝ።